ተሳቢ ለሚጎትት ፒካፕ የትኛው ጎማ ይሻላል?

መንገደኛው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ፒካፑ አሁን ያለው ጎማ ፒ265/70አር17፣ 113ኤስ ነው። ጥርሱ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለቀረው አራቱንም ልቀይር ነው። ከነጭነቱ 2,700 ኪሎ የሚደርስ ባለ ሁለት አክስል ተሳቢ ይጎትታል፤ መንገዱ አብዛኛው አስፋልት፣ የተወሰነው ጠጠር ነው። ሦስት አማራጭ ቀርቦልኛል፦ ያው የድሮው ዓይነት፣ ኤልቲ265/70አር17 (ኤልቲ ለቀላል የጭነት መኪና የተሠራ ጎማ ነው) ባለ ኢ የጭነት ደረጃ (10 ፕላይ የሚሉት)፣ ወይም 285/70አር17 የጭቃ ጎማ። ተሳቢው ሲታሰር ኋላው ይወዛወዛል። ኤልቲው ይህን ያስተካክለዋል? በሩ ላይ የተለጠፈው 35 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ይላል፤ ኤልቲ ካስገባሁ ንፋሱ ስንት ይሁን?

ባለ ሚዛን፦
ወንድሜ፣ ከጎማው በፊት የኋላ አክስልህ ላይ ስንት ኪሎ እንደሚያርፍ እወቅ። ምርጫው የሚወሰነው እዚያ ነው።

የተሳቢው 2,700 ኪሎ በሙሉ የፒካፑ ጎማ ላይ አይወጣም። የሚወጣው ተሳቢው የሚታሰርበት መጎተቻው ኳስ ላይ የሚያርፈው ነው፤ ይህም ለእንዲህ ዓይነቱ ተሳቢ ከጠቅላላ ክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ፣ ማለትም ከ270 እስከ 405 ኪሎ መሆን አለበት። ብዙ ሰው ሒሳቡን እዚህ ላይ ያቆመዋል። ኳሱ ግን ከኋላ አክስል አልፎ ወደ ኋላ የወጣ ስለሆነ ፊቱን ያነሳና ያነሳውን ክብደት ኋላ ላይ ይጨምረዋል። ከኋላ አክስል መሃል እስከ ኳሱ ያለውን ርቀት ለካና በሁለቱ አክስሎች መካከል ላለው ርቀት አካፍለው። 1.3 ሜትር ለ3.3 ሜትር ሲካፈል 0.39 ይሰጥሃል። ኳሱ ላይ 350 ኪሎ ካረፈ፣ የኋላ አክስል የሚጨመርበት 350 ሳይሆን ወደ 487 ኪሎ ነው፤ የፊቱ ደግሞ ወደ 137 ኪሎ ይቀልለዋል። መሪው ቀለል ብሎ የሚሰማህም ለዚህ ነው።

ከስሌት ይልቅ ሚዛን ይታመናል። ነዳጁ ሞልቶ፣ ሰዎቹ ተቀምጠው፣ ዕቃው ተጭኖ፣ ተሳቢው እንደታሰረ የኋላውን አክስል ብቻ ሚዛን ላይ አቁመህ መዝን። ግራና ቀኝ እኩል ስለማይጫን በጎማ ቢያንስ 10 በመቶ መጠባበቂያ ተው።

አሁን ወደ ጎማው። 113 የሚለው የጭነት ቁጥር 1,150 ኪሎ ማለት ነው። ነገር ግን ፒ የሚል ጎማ የቤት መኪና ጎማ ስለሆነ ፒካፕ ላይ ሲገባ አቅሙ ለ1.1 ይካፈላል፤ የሚተርፍልህ 1,045 ኪሎ ነው፣ በአክስል 2,090። ኤልቲ ባለ ኢ ላይ የተጻፈው 121/118 ነው። 121 ማለት በ80 ፒኤስአይ 1,450 ኪሎ ነው፤ ይህ ቅናሽ የለውም። ከመስመሩ በኋላ ያለው 118 በአንድ ጎን ሁለት ጎማ ደርበው ለሚያስሩ ስለሆነ አንተን አይመለከትህም። ሚዛኑ ለኋላው አክስል 1,900 ኪሎ ካሳየህ ከ10 በመቶ መጠባበቂያው ጋር 2,090 ስለሚሆን ፒው አፉ ላይ ደርሷል፤ ኤልቲው ገና ሰፊ ቦታ አለው። ሆኖም ጎማው ስለጠነከረ ፒካፑ የሚጭነው ጨመረ ማለት አይደለም፤ የአክስሉ፣ የባሌስትራውና የፍሬኑ ልክ ያው በሩ ላይ የተለጠፈው ነው።

ጎሚስታው፦
ከላይ በተባለው ሁሉ እስማማለሁ። እኔ የምጨምረው ሰው በብዛት የሚሳሳትበትን ነው፦ ኤልቲ አስገብቶ 35 ፒኤስአይ መሙላት። ኤልቲ ጎማ ጭነቱን የሚሸከመው በንፋሱ ግፊት ነው፤ በ35 ፒኤስአይ ከድሮው ፒ ጎማ ያነሰ ነው የሚሸከመው። ጎኑ ወፍራም ስለሆነ ደግሞ ንፋስ ሲያንሰው በዓይን አይታይም። እየተጣጠፈ ይግላል፣ ሙቀቱ ሽቦውን ከላስቲኩ ያላቅቀዋል፣ በመጨረሻም ጥርሱ ያለበት ክፍል ተገንጥሎ ይወድቃል።

ለዚህ መጠን ኤልቲ ልኩ ይኸው፦ በ50 ፒኤስአይ 1,120 ኪሎ፣ በ65 1,320፣ በ80 1,450። ኋላው 1,900 ኪሎ ከሆነ ለአንዱ ጎማ 950 ይደርሰዋል፤ 50 ከነመጠባበቂያው ይበቃል። ስትጎትት 55 ብታደርገው ጎኑ ጠንከር ስለሚል መወዛወዙም ይቀንሳል። ያለ ጭነት በ80 መንዳት ግን ትክክል አይደለም፤ መሃሉ ብቻ እየተበላ ያልቃል፣ መኪናው ይዘላል፣ በዝናብ ፍሬን ስትይዝም ጎማው መንገዱን በደንብ አይጨብጥም።

ንፋስ የሚለካው ጠዋት፣ መኪናው ሳይነዳ ነው። የአየሩ ሙቀት በ5 ወይም 6 ዲግሪ ሲለወጥ ግፊቱ 1 ፒኤስአይ ገደማ ይለወጣል። መንገድ ላይ ግሎ ከፍ ብሎ ካገኘኸው አታስተንፍሰው፤ ሲበርድ ከልኩ በታች ይወርዳል።

ጎማውን ስታስቀይር ቫልቩንም ተመልከት። በቸርኬው ቀዳዳ ተስቦ የሚገባው ተራው የላስቲክ ቫልቭ ልኩ 65 ፒኤስአይ ነው። ከዚያ በላይ የምትሞላ ከሆነ በዳዶ የሚታሰረውን የብረት ቫልቭ ወይም ለከፍተኛ ግፊት የተሠራውን አስገባ። ቸርኬውም ገደብ አለው፤ ጀርባው ላይ የተቀረጸውን የጭነት ልክ አንብብ፣ ከጎማው ያነሰ ከሆነ የምትመራው በቸርኬው ነው። መኪናህ የንፋስ መቆጣጠሪያ መብራት ካለው፣ የተስተካከለው ለ35 ነው። ከዚያ ሩብ ያህል ሲወርድ ነው በተለምዶ የሚበራው። 55 የሞላኸው ጎማ 30 ቢደርስም ዝም ይልሃል፤ ስለዚህ ልኩን አስለውጥ፣ ካልተቻለ በመለኪያ ተከታተል።

አክስል፦
መወዛወዙን በተመለከተ፦ ጎማ ያግዛል እንጂ አይፈውስም። መጀመሪያ የኳሱን ክብደት መዝን። ከ10 በመቶ በታች ከሆነ፣ ማለትም የተሳቢው ጭነት ወደ ኋላ ካደላ፣ ምንም ዓይነት ጎማ ብታስገባ ይወዛወዛል። ከባዱን ዕቃ ከተሳቢው አክስል ወደ ፊት አምጣው። ይህ ተስተካክሎም ቀሪ መንሳፈፍ ካለ እሱን ነው የኤልቲ ጠንካራ ጎን የሚቀንሰው።

285ቱን ለዚህ ሥራ አልመክርም። የ265ቱ ቁመት 803 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፣ የ285ቱ 831፤ 3.5 በመቶ ይረዝማል። በዚህ የተነሳ ማርሹ በሙሉ ይከብዳል፣ ዳገት ላይ ሞተሩና ካምቢዮው ይለፋሉ፣ ፍሬኑም ትልቅ ጎማ ማቆም አለበት። ፍጥነት መለኪያው 100 ሲያሳይ በእርግጥ የምትሄደው 103 ወይም 104 ነው። የጭቃ ጎማ ረጃጅም ጥርስ ደግሞ ክብደት ሲያርፍበት ራሱ ወደ ጎን ይተጣጠፋል፤ ከተሳቢ ጋር በጣም የማይፈለገው ነገር ይሄ ነው። ለአስፋልትና ለጥቂት ጠጠር የአስፋልት ጥርስ ያለው ኤልቲ፣ ጠጠሩ ከበዛ የሁለገብ ጥርስ ያለው ይበቃሃል።

አዲስ ጎማ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ጥርሱ ሙሉ ስለሆነ ለስለስ ይላል። ያኔ መወዛወዙ ባሰ ብለህ አትደንግጥ፤ ከተቻለ እስኪገራ ድረስ ያለ ተሳቢ ንዳው።

መንገደኛው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ብዙ ግልጽ ሆነልኝ። ሁለት ነገር ልጨምር፦ ለጊዜው የኋላዎቹን ሁለት ብቻ ኤልቲ ባደርግስ? የተሳቢው ጎማዎች ጥርሳቸው ገና ሙሉ ነው፤ ይቆዩ?

ጎሚስታው፦
ፊት ፒ፣ ኋላ ኤልቲ አታድርግ። የሁለቱ ጥንካሬ ስለሚለያይ መኪናው መሪ ሲታዘዝ ፊቱና ኋላው አንድ ዓይነት አይሆኑም። መኪናው በአራቱም እግሩ የሚነዳ ከሆነማ የቁመታቸው ልዩነት ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያከፋፍለውን ትራንስፈር ኬዝና ዲፈረንሻሉን ይጎዳል። አራቱንም ቀይር፤ ስኮርታውም ኤልቲ ይሁን፣ አለዚያ ጎማ በፈነዳ ቀን ተሳቢውን በፒ ጎማ ልትጎትት ነው።

የተሳቢው ጎማ ብዙ ጊዜ ጥርሱ ሳያልቅ ያረጃል። ስለዚህ ጥርሱን ትተህ ጎኑ ላይ ያለውን ቀን አንብብ፦ ዶት ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉት አራት አኃዞች ናቸው። 3523 ካለ በ2023 በ35ኛው ሳምንት የተሠራ ነው፤ ቆጠራው በፈረንጆች ነው። 6 ዓመት ካለፈው ወይም ጎኑ ላይ ስንጥቅ ከታየ ቀይረው። ስትቀይር ኤስቲ የሚለውን የተሳቢ ጎማ ውሰድ፤ የፍጥነት ፊደል ከሌለበት ልኩ በሰዓት 105 ኪሎ ሜትር ነው። ከፒካፑ ጎማ በተቃራኒ የተሳቢውን ሁልጊዜ ጎኑ ላይ የተጻፈውን ከፍተኛ ንፋስ ትሞላዋለህ፣ ጭነት ኖረም አልኖረም።

ቡሎኖቹን ሲያስሩ በመስቀለኛ ተራ፣ በቶርክ ቁልፍ፣ መኪናው በሚጠይቀው ልክ ይሁን። ከ80 እስከ 160 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ የፒካፑንም የተሳቢውንም እንደገና አስፈትሽ፤ አዲስ የታሰረ ቸርኬ ቦታውን ሲይዝ ቡሎኑ ይላላል።