በሞተር ወደ ነባር ሕዝቦች መንደር፦ እንዴት ነው የሚገባው?

ጥያቄ — ጀማሪ መንገደኛ

ሰላም ናችሁ። እኔና ጓደኛዬ በሁለት ሞተር የ10 ቀን ጉዞ አስበናል። ሁለቱም 150 ሲሲ ናቸው። ሐሳባችን አስፋልቱን ትተን፣ በኮረኮንቹ ገብተን ተራራና ጫካ ውስጥ ያሉ የነባር ሕዝቦችን መንደሮች ማየት ነው።

ባለፈው ለሙከራ አንድ መንደር ገብተን ነበር፤ አልቀናንም። ሞተሩን እያስጓራን ስንገባ ሕፃናት ሮጠው ቤት ገቡ፣ ፍየሎቹ ተበተኑ፣ አንዲት እናት ደጃቸው ያሰጡትን እህል አቧራ አለበስነው። ጓደኛዬ ደግሞ በዚያ ላይ ካሜራ አወጣ። ማንም አልሰደበንም፣ ግን ማንም አላናገረንም። በሩብ ሰዓት ወጣን። ስለ ሞተሩም ስለ ሰዉም የምታውቁትን ንገሩኝ።

መልስ — ጋራዥ ያደገ

የሰዉን ነገር ለሚያውቁት ልተው፣ እኔ ስለ ብረቱ ላውራ። 150 ሲሲ ይበቃል። ሲወድቅ ብቻህን ታነሳዋለህ፣ ይሄ ቀላል ነገር እንዳይመስልህ። ችግሩ ጭነት ነው። ሻንጣ ከኋላ ከፍ ብሎ ሲቆለል ዳገት ላይ የፊት ጎማው ይቀልና መሪው አልታዘዝ ይላል። ከባዱን ዕቃ ዝቅ አድርጋችሁ ወደ መሃል አስጠጉት።

አሸዋና ጭቃ ላይ የጎማውን ንፋስ ትንሽ ቀንሱ። ድንጋያማ መንገድ ላይ ግን በለሰለሰ ጎማ አትፍጠኑ፣ ቸርኬው ይጣመማል። መንፊያ ካልያዛችሁ ንፋሱን ባትነኩት ይሻላል።

ወንዝ ካጋጠማችሁ መጀመሪያ በእግራችሁ ግቡና ለኩት። ሞተሩ ውኃ መሃል ከጠፋ ደግሞ ለማስነሳት አትሞክሩ! ውኃ እንደ አየር አይታመቅም። ሲሊንደር ውስጥ ገብቶ ሞተሩ ከዞረ ቢየላው (ፒስተኑን የያዘው ዘንግ) ይጣመማል፣ ጉዞው እዚያው አበቃ። ገፍታችሁ አውጡት፣ ካንዴላውን (የእሳት ብልጭታ የሚሰጠውን) ፍቱ፣ ውኃው እስኪወጣ በእግር ማስነሻው ምቱት። ዘይቱ ወተት የገባበት ሻይ ከመሰለ ቀይሩት።

ከፍታ ላይ ጉልበት ቢያንሰው አትደንግጡ። አየሩ ስለሚሳሳ በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ቤንዚን ደግሞ በ1ኛና በ2ኛ ማርሽ ሲጓዝ በጣም ስለሚበላ፣ የአስፋልቱን ሒሳብ እርሱት።

መልስ — የመንደር ልጅ

እኔ እንዲህ ያለ መንደር ውስጥ ነው ያደግሁት። ሞተር ከሩቅ ይሰማናል። ድምፁ መንደሩ ጫፍ ላይ ከጠፋ «እንግዳ መጣ» እንላለን። ካልጠፋ ልጆች ይሰበሰባሉ፣ ከብት ይያዛል።

ስለዚህ ከመጀመሪያው ቤት በፊት አጥፉት። ሄልሜታችሁን አውልቁ፣ ፊቱ የማይታይ ሰው ያስፈራል። ከዚያ ቁሙ። በቃ፣ ዝም ብላችሁ ቁሙ። ሰው ይመጣል። ማንን ማስፈቀድ እንዳለባችሁ ጠይቁት። ሐዘን ወይም ሥርዓት ይኖር ይሆናል። «ዛሬ አይሆንም» ካሏችሁ ምክንያቱን አትመርምሩ፣ አመስግናችሁ ዙሩ።

አንድ ነገር ልጨምር። ሞተሩን ያቆማችሁበት ቦታ ልጆች መክበባቸው አይቀርም። ማርሚታው፣ ማለትም የጭስ ማውጫው፣ ይፋጃል። ቁርጭምጭሚቴ ላይ ያለው ጠባሳ አንድ ፈገግተኛ እንግዳ ጥሎልኝ የሄደው ነው። ማርሚታውን ወደ ግድግዳ አዙሩት፣ ወይም አንዳችሁ አጠገቡ ቁሙ።

መልስ — ባለ ካሜራ

ፎቶ የመጀመሪያ ቀን አይነሳም። እኔ እንዲያውም ካሜራዬን ሻንጣ ውስጥ አሳድራለሁ። ሲፈቅዱልህ አንሳ፣ እዚያው አሳያቸው፣ «ይሄን አጥፋው» ካሉህ አጥፋው። ልጅን ደግሞ ወላጁ ሳይፈቅድ በፍጹም። ለልጆች ሳንቲምና ከረሜላ መበተንም ይቅር። ከእናንተ በኋላ የሚመጣውን ሞተር ሁሉ እየሮጡ እንዲከተሉ ታስለምዷቸዋላችሁ።

መልስ — ጤና ባለሙያ

ከመካከላችሁ ሳል ወይም ትኩሳት ያለበት ካለ ጉዞው ይተላለፍ። ሐኪም ቤት ርቆ ለሚኖር ሰው የእናንተ ጉንፋን ቀልድ አይደለም።

ነባር ሕዝቦች ስንልም አንድ ዓይነት ሰዎች አይደሉም። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ90 አገሮች ውስጥ 476 ሚሊዮን ያህል እንደሆኑ ይገምታል። እ.ኤ.አ. በ2007 የጸደቀው የድርጅቱ መግለጫ በመሬታቸውና በአኗኗራቸው ጉዳይ አስቀድሞ ፈቃዳቸው እንዲጠየቅ ይላል። ይሄ ለመንግሥታት የተጻፈ ነው፣ ግን ሞተር ለሚነዳም ይሠራል። ጭራሽ እንግዳ የማይፈልጉም አሉ። የሕንዷን ሰሜን ሴንቲኔል ደሴት መጠጋት በሕግ ክልክል ነው፣ ብራዚልም እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ ራሳቸውን ካገለሉ ሕዝቦች ጋር በራሷ ተነሣሽነት ግንኙነት አትጀምርም። ክልሉ የተከለለ መሆን አለመሆኑን ሳትነሱ አጣሩ።

ጀማሪ መንገደኛ

አመሰግናለሁ፣ ስለ ማርሚታው ጨርሶ አላሰብኩም ነበር። አስጎብኚ መያዝስ የግድ ነው?

ባለ ካሜራ

ለእኔ የግድ ነው። ቋንቋ ሳታውቅ ምን ልትጠይቅ ነው?

የመንደር ልጅ

የከተማ አስጎብኚ ከሆነ አልስማማም። አንዳንዱ ሰዉን እንደ ዕቃ እያሳየ ነው የሚዞረው። ከዚያው መንደር ወይም ከጎረቤቱ የሆነ ሰው ፈልጉ፣ ክፍያውንም ከመነሳታችሁ በፊት ለራሱ ተነጋገሩ። ከሞተሩ ጀርባ አስቀምጡት፣ ለእሱም ሄልሜት ያዙ።

ጀማሪ መንገደኛ

እህላቸውን አቧራ ያለበስንባቸው እናትስ? ብመለስ ያፍሩብኝ ይሆን?

የመንደር ልጅ

ተመለስ እንጂ! ሞተርህን ከሩቅ አጥፍተህ በእግርህ ግባ። ይቅርታ ጠይቃቸው። እህል እያበጠሩ ካገኘሃቸው ቁጭ በልና አግዛቸው። መጀመሪያ ቀን ምንም ላያወሩህ ይችላሉ፣ አንተም አታስወራቸው።