የኮሮላ ካንዴላ በቤት ስለ መቀየር

ጠያቂ፣ ከለገጣፎ፦
ጤና ይስጥልኝ። ካንዴላዎቹ (ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥሉት) በገመድ የሚገናኙበት አሮጌ ባለ 1.3 ሊትር ኮሮላ አለኝ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ጠዋት ሲነሳ ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይረገጥ ያለው የሞተር ዙር) አይረጋም፤ ዳገት ላይም ጉልበት ያንሰዋል። የሰፈራችን ጋራዥ መኪናውን ቀኑን ሙሉ ትቼ እንድሄድ ስለሚፈልግ፣ ከሶማሌ ተራ አራት አዳዲስ ካንዴላዎች ገዝቼ ቅዳሜ በግቢዬ ራሴ ልቀይራቸው አስቤያለሁ። ከመፍታቴ በፊት ምን ልጠንቀቅ? የካንዴላውን ጥርስስ (የሚጠመዘዝበትን ክፍል) ቅባት መቀባት ያስፈልጋል?

መካኒክ፣ ከቃሊቲ፦
ወንድሜ፣ ሞተሩ ጨርሶ ሳይቀዘቅዝ አይንኩት። ቴስታታው (ካንዴላው የሚገባበት የሞተሩ የላይኛ ክፍል) አልሙኒየም፣ የካንዴላው ጥርስ ግን ብረት ስለሆነ፣ በግለቱ በኃይል ሲፈታ የቴስታታውን ጥርስ አብሮ ሊልጠው ይችላል፤ ያኔ በግቢ የተጀመረው ሥራ ቶርኖ ቤት ያልቃል።

ቀጥሎ የሚያሳስበኝ አቧራው ነው። በጠጠር መንገድ የሚመላለስ መኪና በካንዴላው ጉድጓድ ዙሪያ አሸዋ ማጠራቀሙ አይቀርም፤ ካንዴላው ሲወጣ ያ አሸዋ በቀጥታ ወደ ሲሊንደሩ ይወርዳል። ስለዚህ ገመዱን ከነቀሉ በኋላ፣ ካንዴላውን ከመፍታትዎ በፊት ጉድጓዱን በአየር ያጽዱት፤ ኮምፕሬሰር ባይኖር የብስክሌት መንፊያም ይረዳል።

ገመዶቹን ሁሉንም በአንድ ጊዜ አይንቀሉ። አንዱን ነቅለው፣ ካንዴላውን ቀይረውና ገመዱን መልሰው ወደሚቀጥለው ይለፉ፤ ቦታቸው ከተቀያየረ ብልጭታው ያለ ተራው ወደ ሌላ ሲሊንደር ስለሚሄድ ሞተሩ ይንተፋተፋል ወይም ጭራሹን አይነሳም። ሲነቅሉም ላስቲኩን ይያዙ እንጂ ገመዱን አይጎትቱ። አዲሱን ካንዴላ በመፍቻው ማራዘሚያ፣ ያለ እጀታ፣ በጣትዎ ብቻ ያስገቡት፤ ገና ከመጀመሪያው ከጠበቀብዎ ተጣሞ ገብቷልና መልሰው ያውጡት። ከተቀመጠ በኋላ ቀለበት ላለው አዲስ ካንዴላ ከግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛ ዙር ይበቃዋል።

ባለ ቪትዝ፣ ከሰበታ፦
እኔ ሁልጊዜ ጥርሱን ጥቂት ቅባት እቀባለሁ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ሲፈታ አያስቸግርም።

መካኒክ፣ ከቃሊቲ፦
በዚህ አልስማማም። የካንዴላ አምራቹ ኤንጂኬ (NGK) ለሚያመርታቸው ካንዴላዎች ቅባት አይመክርም፤ ጥርሳቸው ዝገት በሚከላከል ብረት ተለብጧል። ቅባቱ መፋተጉን ስለሚቀንሰው፣ እጅዎ እንደ ወትሮው ያጠበቀ ሲመስለው ካንዴላው ከልክ በላይ ይጠብቃል። ይልቁንም በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለውን ክፍተት ይለኩ። እንደ ሞተሩ ዓይነት ከ0.8 እስከ 1.1 ሚሊሜትር ነው፤ ትክክለኛው በመኪናው መመሪያ ላይ ይገኛል። የኢሪዲየም ከሆነ ግን ጫፉ በጣም ቀጭን ስለሆነ ለማስተካከል ብለው አይነካኩት።

አንባቢ፣ ከቡራዩ፦
አሮጌዎቹን ሳይመለከቱ አይጣሉ፤ የትኛው ከየትኛው ሲሊንደር እንደወጣም ምልክት ያድርጉ። ፈዛዛ ቡኒ ጤና ነው። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ከሆነ ነዳጁ ከአየሩ በዝቷል፤ በእኛ አካባቢ ከሁሉ በፊት የሚጠረጠረው በአቧራ የታፈነ የአየር ፊልትሮ ነው። ካርቡራተር ያለው መኪና ከሆነ ደግሞ ከፍታውም ድርሻ አለው፤ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ አየሩ ስለሚሳሳ፣ ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ነዳጅ ያበዛል።

ጠያቂ፣ ከለገጣፎ፦
እጅግ አመሰግናለሁ፤ ቀይሬያቸዋለሁ፣ ሚኒሞውም ረግቷል። ሦስቱ ፈዛዛ ቡኒ ሲሆኑ አንዱ ዘይት ነክቶታል። ሞተሩ ተበልቷል ማለት ነው?

መካኒክ፣ ከቃሊቲ፦
ዘይቱ የት ላይ እንዳለ ይለያል። በነጩ ሸክላና በላስቲኩ በኩል ብቻ ከሆነ፣ ዘይቱ ወደ ጉድጓዱ የገባው ከላይ ካለው የቫልቭ ክዳን ጓርኒሲዮን (ዘይት እንዳያፈስ የሚያሽገው) ነው፤ እርሱን መቀየር ቀላል ሥራ ነው። ብልጭታ የሚወጣበት ጫፍ ራሱ በዘይት ከራሰ ግን ፋሻው (በፒስተኑ ዙሪያ ያለው ቀለበት) ወይም የቫልቭ ጎማው ዘይት እያሳለፈ ሊሆን ስለሚችል፣ የዚያን ሲሊንደር ኮምፕሬሽን (አየሩን የሚያምቅበትን ግፊት) ያስለኩ።