ለስፖርት ፈጠራዎች የሚያገለግለው የፓተንት አመዳደብ እንዴት ቢሻሻል ይበጃል?

ጥያቄ (ከሯጩ መሐንዲስ)
ጤና ይስጥልኝ። የሯጭን የእግር አረጋገጥ በግፊት ሴንሰሮች እየለካ ሚዛን ሲዛባ የሚያስጠነቅቅ የጫማ የውስጥ ሶል በመሥራት ላይ ነኝ። ለማመልከቻው ዝግጅት ቀደም ብለው የተመዘገቡ ፈጠራዎችን ስፈትሽ፣ በዓለም አቀፉ የፓተንት አመዳደብ (የፈጠራ ሰነዶች በኮድ የሚደለደሉበት ሥርዓት) ስፖርትና ጨዋታ በኤ63 ሥር ቢቀመጡም፣ እኔን የሚመለከቱኝ ሰነዶች በጫማ (ኤ43ቢ)፣ በሰውነት ምርመራ (ኤ61ቢ 5) እና በጤና መረጃ (ጂ16ኤች) ጭምር ተበታትነው አገኘኋቸው። ስፖርት ሁሉንም የሚያጠቃልል አንድ ራሱን የቻለ መደብ ቢሰጠው አይሻልም?

መልስ (ከሰነድ ፈላጊ)
እኔ አይሻልም ባይ ነኝ። የአመዳደቡ መሠረት አንድ ነገር በምን መስክ እንደሚያገለግል ብቻ ሳይሆን በምን መንገድ እንደሚሠራም ጭምር ነው። በ2023 በበርሊን ትግስት አሰፋ 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ በሆነ ጊዜ የዓለምን የማራቶን ክብረ ወሰን ስትሰብር ያደረገችውን ዓይነት ቀላል የመሮጫ ጫማ ያስቡ፤ የዚህ ዓይነት ጫማ ስፖርታዊ አገልግሎቱ በኤ43ቢ 5፣ የሶሉ አሠራር በኤ43ቢ 13 ሲፈለግ፣ የስፖንጁ ቁስ አዘገጃጀት ግን የኬሚስትሪ ጉዳይ በመሆኑ ሲ08ጄ 9 ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ሁሉንም ወደ ስፖርት ብናዛውር፣ ያንኑ ስፖንጅ ለመኪና መቀመጫ የሚመረምር ባለሙያ ያጣዋል። ይልቁንም ፈጠራው በቦታው ሆኖ የሚውልበት ስፖርት በተጨማሪ መለያ ቢመለከት ይመረጣል። የአውሮፓና የአሜሪካ የፓተንት ቢሮዎች ከ2013 ጀምሮ በጋራ የሚጠቀሙበት ሥርዓት ይህን በከፊል ጀምሮታል፤ በኤ63ቢ 2220 አካላዊ መለኪያዎች፣ በኤ63ቢ 2230 ደግሞ የተጠቃሚው የሰውነት ልኬቶች ይመዘገባሉ። ጉድለቱ እነዚህ መለያዎች በዋናነት ለስፖርት መሣሪያዎች የተዘጋጁ በመሆናቸው የጫማና የሕክምና ሰነዶች ብዙ ጊዜ ያለእነርሱ መቅረታቸው ነው። ቢሻሻል የምመኘው ይህንኑ ነው፤ መለያው ከኤ63ቢ አጥር ወጥቶ በየትኛውም መደብ ላለ ስፖርታዊ ፈጠራ ይሰጥ።

መልስ (ከቀድሞ የፓተንት መርማሪ)
ሐሳቡ በመርህ ደረጃ ትክክል ቢሆንም፣ መለያ የሚጠቅመው የሚሰጠው ባለሙያ ሲኖር ነው። ዓለም አቀፉ ሥርዓት በየዓመቱ ጥር 1 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ይታደሳል፤ አንድ ቅርንጫፍ በተከፈለ ቁጥር የቆዩ ሰነዶችን እንደገና መደልደል ያስፈልጋል፣ ሥራውም በሰው ጉልበት የሚጠናቀቅ ነው። መርማሪዎቻቸው ጥቂት በሆኑ አገሮች አንድ ማመልከቻ አንድ ኮድ ብቻ ይዞ ቢወጣ ሊያስገርም አይገባም። የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት ጽሑፍን አንብቦ ተስማሚ መደብ የሚጠቁም መሣሪያ አዘጋጅቷል፤ እንዲህ ያለው እገዛ ለጀማሪ መነሻ ይሆናል እንጂ የመርማሪን ፍርድ አይተካም፤ በተለይ «ተጠቃሚ» እየተባለ በጥቅሉ የተጻፈ ማመልከቻ ስለ ሯጭ ይሁን ስለ ሕመምተኛ ማሽኑ በቀላሉ አይለየውም።

ጥያቄ (ከሯጩ መሐንዲስ)
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። መለያዎቹ እስኪሟሉ ድረስ፣ አሁን ባለው ሥርዓት ፍለጋዬን ከየት ልጀምር?

መልስ (ከሰነድ ፈላጊ)
ከኤ43ቢ 3/34 ይጀምሩ፤ ኤሌክትሪክ ወይም ኤሌክትሮኒክ አካል ያላቸው ጫማዎች የሚገኙት እዚያ ነው። ቀጥሎ የውስጥ ሶሎችን የያዘውን ኤ43ቢ 17፣ የሰውነት እንቅስቃሴን መለካት የሚመለከተውን ኤ61ቢ 5/11፣ ከዚያም በጋራው ሥርዓት ለሩጫ ልምምድ መሣሪያዎች የተለየውን ኤ63ቢ 69/0028 ይመልከቱ። እያንዳንዱን ለብቻው ካዩ በኋላ በሁለት በሁለት ያጣምሯቸው፤ በሁለት መደብ የተመዘገበ ሰነድ ለእርስዎ ሥራ ይበልጥ የቀረበ የመሆን ዕድል አለው። ኮድ ብቻውን ስለማይበቃ «ግፊት» እና «አረጋገጥ» ከሚሉት ጋር የሚመሳሰሉ የእንግሊዝኛ ቃላትን በሰነዱ ማጠቃለያ ውስጥ ይፈልጉ። የስፖርቱን ስም ግን በመጀመሪያው ዙር አያስገቡ፤ ለስኳር ሕመምተኞች እግር ክብካቤ የተሠራ የውስጥ ሶል «ሩጫ» የሚል ቃል ሳይኖረው የእርስዎን ፈጠራ አዲስነት ሊያሳጣ ይችላል።