እማዬ ቶኪዮ ልትመጣ ነው፤ የባቡሩን ነገር ምን ላድርግ?

የድሬዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ በሚመጣው ወር ለሦስት ሳምንት ልትጠይቀኝ ትመጣለች። የግብዣ ደብዳቤው፣ የዋስትናው ወረቀት፣ የደመወዝ ማስረጃው፣ ስንቱን ስሮጥ ከርሜ ቪዛው ወጣ፣ ተመስገን። አሁን የቀረኝ ባቡሩ ነው። ቤቴ ዮትሱጊ ነው፣ ሥራዬ ሺንጁኩ። እረፍት የማገኘው በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነው። እማዬ ደግሞ ቤት ተዘግቶባት የምትውል ሴት አይደለችም። «ከሥራ ስትወጪ መጥቼ እቀበልሻለሁ» እያለች ነው ከአሁኑ። እንግሊዝኛ አታነብም። ጃፓንኛውንማ ተዉት።

ሌላው ጣጣ አጎቴ ነው። ያለው ቨርጂኒያ ነው። የአውሮፕላን ቲኬቷን የቆረጠላት እሱ ስለሆነ አዛዡም እሱ ሆኗል። ቲክቶክ ላይ አይቶ «የጄአር ፓስ ግዢላት፣ አገሩን በሙሉ ትዞርበታለች፣ ኪዮቶም ውሰጃት» እያለ በየቀኑ ይደውላል። ፓሱ አንዴ ተከፍሎበት ለተወሰነ ቀን እንደልብ የሚሳፈሩበት የቱሪስት ትኬት ነው፤ የ7 ቀኑ 50,000 የን ነው። ልግዛው? ብቻዋንስ ከዮትሱጊ ሺንጁኩ መምጣት ትችል ይሆን?

ጋሼ ሳይታማ፦
እህቴ፣ አትግዢ። ነገሩ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሺኝ።

የቶኪዮ ባቡር ባለቤቱ አንድ አይደለም። የመንግሥት የነበረው ምድር ባቡር በ1987 ተከፋፍሎ ጄአር የምንላቸው ድርጅቶች ሆነ። ከመሬት በታች ያለው ደግሞ ሁለት ነው። ቶኪዮ ሜትሮ 9 መስመር አለው፣ የከተማው አስተዳደር ቶኤይ 4 መስመር አለው። በዚያ ላይ ኬይሴይ፣ ኬይኦ፣ ኦዳክዩ፣ ቶቡ እያልሽ የግሎቹን ጨምሪበት። ፓሱ የሚሠራው በጄአር ነው። ዮትሱጊ ደግሞ የኬይሴይ ጣቢያ ነው። እናትሽ 50,000 የን የወጣበት ፓስ ይዛ ደጅሽ ላይ ባለው ጣቢያ ማለፍ አትችልም!

ድሮ ያዋጣ ነበር። እስከ ኦክቶበር 2023 ድረስ የ7 ቀኑ 29,650 የን ነበር። አሁን ግን አስቢው። ከቶኪዮ ኪዮቶ በሺንካንሰን፣ በረጅም ርቀቱ ፈጣን ባቡር፣ አንዱ ጉዞ ወደ 14,000 የን ነው። ደርሶ መልሱ 28,000። በቀረው 22,000 ምን ልትሆንበት ነው? ከሺንካንሰኖቹ ፈጣኑን፣ ኖዞሚ የሚባለውን፣ በፓስ ልሳፈር ብትል ደግሞ እንደገና ያስከፍሏታል።

የሚያስፈልጋት ገንዘብ አስቀድሞ የሚሞላበት የባቡር ካርድ ነው። ሱይካ ወይም ፓስሞ። ለካርዱ መያዣ 500 የን ታስይዣለሽ፣ ካርዱን ስትመልሽ ይመለሳል። ለእንግዳ የሚሸጠው ዌልካም ሱይካ መያዣ የለውም። የሚያገለግለው 28 ቀን ነው፣ ለሦስት ሳምንት ይበቃታል፤ ውስጡ የተረፈው ገንዘብ ግን አይመለስም። ስትገባ ካርዱን ታስነካለች፣ ስትወጣ ታስነካለች። የማን ባቡር እንደሆነ ማወቅ አይጠበቅባትም። ገንዘቡ ካነሰ በሩ ይዘጋባታል። እዚያው አጠገብ መሙያ ማሽን አለ፣ ጥሬ ገንዘብ ትያዝ።

ማሂ ካዋጉቺ፦
ጋሼ፣ ታሪኩን ነገሩን፣ ልጅቷ የጠየቀችውን መንገድ ግን ዘለሉት 😄

እህቴ፣ በስም ሳይሆን በቁጥር አስጠኛት። እያንዳንዱ ጣቢያ ሰሌዳው ላይ ፊደልና ቁጥር አለው። ዮትሱጊ ኬኤስ 48 ነው። እዚያ ትሳፈራለች። ኦሺአጌ ሲደርስ ባቡሩ ሳትወርድ የቶኤይ አሳኩሳ መስመር ይሆናል። ኤ 15 ላይ ትወርዳለች፣ ሂጋሺ ኒሆምባሺ ነው። በመሬት ውስጥ በእግሯ ባኩሮ ዮኮያማ ትሻገራለች፣ እሱ ኤስ 09 ነው። ከዚያ ቁጥሩ እየቀነሰ ይሄዳል፣ ሺንጁኩ ኤስ 01። ቁጥሩ ከጨመረባት ወደ ቺባ እየሄደች ነው፣ ትውረድ።

እኔ ለእናቴ በካርቶን ላይ በትልቁ ጽፌ ቦርሳዋ ውስጥ ከትቼላት ነበር። ሰሌዳውን ከካርቶኑ ጋር እያመሳሰለች ትሄዳለች። በሦስተኛው ቀን ካርቶኑን ቤት ጥላው ወጣች።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ። ስትመለስ ፈጣኑን ባቡር ከያዘች ዮትሱጊ አይቆምም፣ አልፏት አኦቶ ይወስዳታል። ይባስ ብሎ የአኦቶ ቁጥር ኬኤስ 09 ነው። ከዮትሱጊ ቀጥሎ ካለው 49 ወደ 09! እኔ ራሴ የመጀመሪያ ሰሞን ሌላ አገር የገባሁ መስሎኝ ላብ አጥምቆኛል። 09ን ካየች ወርዳ በዝግታኛው ባቡር ሁለት ጣቢያ ትመለስ።

ሳሚ፦
ሺንጁኩ ላይ ብቻዋን እንዳታስወጫት። ከ200 በላይ መውጫ አለው። እኔ ስድስት ዓመት ኖሬ አሁንም እጠፋለሁ። ከበሩ ሳትወጣ ውስጥ ትጠብቅሽ። ጠዋት በእኛ ከ1፡30 እስከ 3 ሰዓት ደግሞ በጭራሽ አትሳፈር፣ ይጨፈልቋታል። ግድ ከሆነባት ወለሉ ላይ ሮዝ ምልክት ያለበት የሴቶች ፉርጎ አለ፣ እዚያ ትግባ።

እና ስልክ! እናቶቻችን ኢሞ ላይ በስፒከር ነው የሚያወሩት። እዚህ ባቡር ውስጥ በስልክ ማውራት ነውር ነው። ንገሪያት።

ቡና በቶኪዮ፦
ምን ነውር አለው? እናት ከልጇ ብታወራ ማን ይሞታል? ይሄ ዝምታ ነው እኛንም ያሳበደን። አንድ ፉርጎ ውስጥ መቶ ሰው ታጭቆ ትንፋሽ እንኳ አይሰማም። አንዳንዴ ቀብር የምሄድ ነው የሚመስለኝ።

የድሬዋ እናት ድሬዳዋ ያደጉ ከሆነ ባቡር አያስፈራቸውም። ድሬዳዋ እኮ ሐዲዱ በ1902 ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት። አያቴ ኤረር ጣቢያ ላይ ብርቱካን ትሸጥ ነበር፣ በመስኮት እያቀበለች። ባቡሩ ሲመጣ ከተማው በሙሉ ይነሣል። ጫት፣ ኮንትሮባንድ፣ ፍየል፣ ጭቅጭቅ፣ ሳቅ። ፉርጎ ውስጥ የተዋወቀ ሰው አዲስ አበባ ሲደርስ ዘመድ ሆኖ ነው የሚወርደው። እዚህ ሰባት ዓመት ሙሉ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ በር፣ ከአንዲት ሴትዮ ጋር እሳፈራለሁ። ሰላም ተባብለን አናውቅም።

ሳሚ፦
አንተ የሌሊት ፈረቃ አትሠራም መሰለኝ። አሥራ ሁለት ሰዓት ቆሜ አድሬ ስመለስ ያ ዝምታ ለእኔ ጸሎት ነው። ናፍቆትህን በሰው ጆሮ ላይ አትጣል።

ቡና በቶኪዮ፦
ጃፓን ሆነሃል በለኛ! ፓስፖርቱን መቼ ሰጡህ?

ማሂ ካዋጉቺ፦
ተው እናንተ። እኔ አንድ ኪሎ በርበሬ ከነቦርሳው ባቡር ላይ ረስቼ ወርጄ አውቃለሁ። ማታ ሄጄ ስጠይቅ መጨረሻው ጣቢያ ላይ በፕላስቲክ ሁለቴ ጠቅልለው አስቀምጠውልኛል። ሰውዬው ሲያቀብለኝ እያስነጠሰ ነበር። ሰላም አይሉም፣ ዕቃህን ግን አይነኩም።

ናፍቆት ነኝ፦
ይቅርታ፣ እኔ ሌላ ነገር ነው የታየኝ። 50,000 የን ለፓስ ከምታወጡ ለእናትሽ በእጇ ስጫት። እዚያ ብሩ ከጁላይ 2024 ወዲህ የት እንደደረሰ እናውቃለን፤ ስንት ወር ትኖርበታለች! እኔ በየወሩ እልካለሁ፣ የኑም ወርዶብኛል፣ ቢሆንም እልካለሁ። ሰው ለሽርሽር ባቡር ይሄን ያህል ሲያወጣ ይገርመኛል።

ጋሼ ሳይታማ፦
የኔ እኅት፣ እናት ለጤፍ ብቻ አትኖርም። እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ ገንዘብ ልኬያለሁ። እናቴ ግን አንድ ቀን እንኳ ከጎኔ ተቀምጣ በመስኮት ሳታይ አረፈች። ቁጭ ብዬ የማስበው እሱን ነው።

ናፍቆት ነኝ፦
ነፍስ ይማር ጋሼ። እርስዎን ለማለት አልነበረም።

ቡና በቶኪዮ፦
ጋሼ ትክክል ናቸው። ኪዮቶ ትውሰዳት!

ሳሚ፦
አሁን ደግሞ ፓሱን ይግዙ ልትል ነው?

ቡና በቶኪዮ፦
ፓስ አልኩ? መውሰድ አልኩ። ማንበብ ተማር።

የድሬዋ፦
ወገኖቼ፣ ተዉ እባካችሁ። ማሂዬ፣ ካርቶኑን ዛሬ ማታ እጽፋለሁ። ሂጋሺ ኒሆምባሺ ላይ ስትሻገር ደረጃ ይበዛል እንዴ? ጉልበቷን ያማታል።

ደግሞ ስሙኝማ። አጎቴ አሁን ደወለ። ፓሱን በራሱ ካርድ ገዝቶታል። «ሰርፕራይዝ» ነው ያለኝ።

ጋሼ ሳይታማ፦
ወይ ጉድ! ጣቢያ ሄዳችሁ ፓሱን እስካልተቀበላችሁት ድረስ ለገዛበት ቢመልሰው ገንዘቡን ይሰጡታል፣ ትንሽ ይቆርጡበታል እንጂ።

የድሬዋ፦
እሱስ ገብቶኛል ጋሼ። ለአጎቴ ማን ይንገረው ነው ጥያቄው።