አፍጋኒስታን ውስጥ 6ኛ ክፍል የጨረሰች ልጅ እንዴት ትማር?

የኮልፌዋ፦ ሰላም ናችሁ ወገኖች፣ ጀርመን ነው ያለሁት፣ ሥራ ቦታ አብራኝ የምትሠራ አፍጋናዊት አለች፣ ካቡል ያለችው የእህቷ ልጅ ዘንድሮ 6ኛ ክፍልን ትጨርሳለች፣ ከዛ በኋላ ታሊባን ለሴት ስለዘጋው በቃ ቤት መቀመጥ ነው። ልጅቷ ጎበዝ ናት ግን ሆን ብዬ ልውደቅና ልድገም እያለች ነው አሉ፣ ይሄን ከሰማሁ ጀምሮ ውስጤ እየተቃጠለ ነው። እዛው ሆና የምትማርበት መንገድ የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ

መምህሩ፦ እህቴ ቤታቸው ዲሽ ካለ ቤገም ቲቪ የሚባል ከፓሪስ በሳተላይት የሚተላለፍ ጣቢያ አለ፣ የ7ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ትምህርት በዳሪና በፓሽቶ ይሰጣል። እኔ ከኦንላይን ይልቅ እሱን ነው የምመክረው ምክንያቱም ሴፕቴምበር 2025 መጨረሻ ላይ ታሊባን የአገሩን ኢንተርኔት በሙሉ ለሁለት ቀን ያህል ዘግተውት ነበር፣ በኦንላይን ብቻ የሚማሩት ሴቶች ባዶ እጃቸውን ቀሩ። ቤት ውስጥ ተደብቀው የሚያስተምሩም አሉ ግን እሱን በሚያምኑት ሰው ብቻ ነው የሚገኘው፣ የልጅቷን ስምና ሰፈር የትም እንዳትጽፉ አደራ

ሚኪ፦ እነሱ ሃይማኖታቸው ስለሆነ ምን ይደረጋል

ኡሙ ሰሚር፦ ሚኪ እንደሱ አትበል ወንድሜ፣ እኔ ሙስሊም ነኝ፣ ሳዑዲም ኢራንም ሴቶች ዩኒቨርሲቲ ይማራሉ። የራሳቸው የታሊባን ምክትል የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበረው ስታኒክዛይ እንኳን ጃንዋሪ 2025 ላይ በአደባባይ ለመዝጋቱ ምንም ምክንያት የለም ክፈቱ ብሏል። ይሄ የመሪያቸው የአኹንድዛዳ ትእዛዝ ነው፣ የሄጉ ዓለም አቀፍ የወንጀል ፍርድ ቤትም ሴቶችን በማሳደድ ጁላይ 2025 የእስር ማዘዣ አውጥቶበታል። ደግሞ እኮ ዲሴምበር 2024 ላይ የነርስና የአዋላጅ ኮርሱንም ዘጉት፣ ሴት በወንድ ሐኪም አትታይ በሚባልበት አገር ነገ ማን ሊያዋልዳቸው ነው?? እኔን በጣም የሚያናድደኝ ይሄ ነው

መምህሩ፦ ልክ ብለሻል። የረሳሁት፣ ሶላ የሚባል የአፍጋን ሴቶች አዳሪ ትምህርት ቤት 2021 ላይ ከካቡል ወጥቶ ሩዋንዳ ገብቷል፣ ቤተሰቡ ከአገር መውጣት ከቻለ ይሞክሩት። መውጣቱ ነው ከባዱ፣ ሴት ያለ ወንድ ዘመድ ራቅ ያለ መንገድ እንድትሄድ አይፈቅዱም

የኮልፌዋ፦ እግዜር ይስጣችሁ፣ ዲሽ እንዳላቸው ነገ ጠይቃታለሁ። ትምህርቱን እዚህ አውርዶ በፍላሽ መላክስ ይቻላል? የሞከረ አለ?