የፕሮጀክት ማሳያ ምሽት፦ ለአንድ ሰው ስንት ደቂቃ? ዋይፋዩስ?

አዲስ አዘጋጅ
ሰላም ለሁላችሁ። ሶፍትዌር የሚጽፉና ኤሌክትሮኒክስ የሚሠሩ ሰዎች ሥራቸውን ይዘው የሚገናኙበት መጠነኛ ስብሰባ ልናዘጋጅ ነው። 25 ሰው ገደማ ይመጣል፤ 9ኙ የምናሳየው አለን ብለዋል። ያለን 150 ደቂቃ፣ አንድ ፕሮጀክተርና የአዳራሹ የእንግዳ ዋይፋይ ነው። ሁሉም መድረክ ላይ ይውጣ ወይስ በየጠረጴዛው ይታይ? ለአንድ ሰውስ ስንት ደቂቃ ይበቃል?

ባለሰዓት
ሁለቱንም አድርጉ፣ መድረኩን ግን አሳጥሩት። ለአንድ ሰው 5 ደቂቃ ማሳያ፣ 2 ደቂቃ ጥያቄ፣ 2 ደቂቃ ላፕቶፕ መቀያየሪያ። የመጨረሻዋን 2 ደቂቃ አዘጋጅ ሁሉ ይረሳታል፤ በ9 ሰው 18 ደቂቃ ትሆናለች። በዚህ ስሌት መድረኩ 81 ደቂቃ ይወስዳል፤ የተረፈውን ለጠረጴዛ ተዉት። እ.ኤ.አ. በ1975 ካሊፎርኒያ ውስጥ የተጀመረው ሆምብሩ ኮምፒውተር ክለብም ስብሰባውን ለሁለት ይከፍል ነበር፦ መጀመሪያ ሰዉ እየተነሳ ምን እንዳለውና ምን እንደሚፈልግ ባጭሩ ይናገራል፣ ከዚያ ሁሉም ተነስቶ የፈለገውን ሰው ያነጋግራል።

አቅራቢዎቹን አስቀድማችሁ ንገሯቸው፦ የሚሠራው ነገር በመጀመሪያው ደቂቃ ይታይ፤ ለምንና እንዴት የሚለው ኋላ ይምጣ። ራስን ማስተዋወቅና ስላይድ ከ5ቱ ደቂቃ ግማሹን ይበላሉ። ሰዓት ቆጣሪውን ለአቅራቢው ፊት ለፊት አስቀምጡለት።

ቻናል ስድስት
እኔ የምፈራላችሁ ዋይፋዩን ነው። የእንግዳ ዋይፋይ ብዙ ጊዜ ብሮውዘር ተከፍቶ "እስማማለሁ" ካልተባለ ኢንተርኔት አይሰጥም፤ ስክሪን የሌለው ቦርድ (ፕሮጀክቱን የሚያንቀሳቅሰው ትንሹ ኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ) ደግሞ ይህን መጫን አይችልም። የባሰው ግን፣ የተገናኙት መሣሪያዎች እርስ በርስ እንዳይተያዩ ተደርጎ መዘጋቱ ነው። ስልኩም ቦርዱም "ተገናኝቷል" ይላሉ፣ ስልኩ ግን ቦርዱን አያገኘውም። ሰውየው ጥፋቱን ኮዱ ውስጥ ሲፈልግ ሰዓቱ ያልቅበታል።

ትንሽ ራውተር አምጡ፣ የራሱን ስምና የይለፍ ቃል ስጡት። 2.4 ጊጋኸርትዝ የሚባለው የዋይፋይ ሞገድ ክፍት ይሁን፤ የተለመደው ኢኤስፒ32 (ዋይፋይ ያለው ትንሽ ቦርድ) 5 ጊጋኸርትዙን አያይም። ቻናሉን 1፣ 6 ወይም 11 ላይ አድርጉ፣ ስፋቱን 20 ሜጋኸርትዝ። ስሙንና የይለፍ ቃሉን ቀድማችሁ ላኩላቸው፣ ኮዳቸው ውስጥ አስገብተው ይምጡ።

ራውተር ከሌለ ቦርዱ ራሱ ዋይፋይ ይልቀቅ። ኢኤስፒ32 ላይ አድራሻው ካልተቀየረ 192.168.4.1 ነው። በአርዱይኖ (ቦርዱን ፕሮግራም ማድረጊያ ሶፍትዌር) ሲጻፍ ግን የመሣሪያ ብዛት ገደቡ ካልተቀየረ በአንድ ጊዜ ከ4 በላይ መሣሪያ አይቀበልም፤ "ሁላችሁም ስልካችሁን አውጡና ሞክሩት" ማለት እዚህ ላይ አያዋጣም።

አዲስ አዘጋጅ
ተባረኩ። ፕሮጀክተሩ ኤችዲኤምአይ ብቻ ነው የሚቀበለው፤ የኤሌክትሪክ ሶኬቱም ጥቂት ነው። በዚህስ በኩል ምን ልያዝ?

ገመድ አቀባይ
ዩኤስቢ-ሲ ወደ ኤችዲኤምአይ አዳፕተር ሁለት ያዝ። ዩኤስቢ-ሲ ሁሉ ምስል አያወጣም፤ ለቻርጅና ለዳታ ብቻ የተሠራ ላፕቶፕ ላይ የትኛውም ተራ አዳፕተር አይሠራም። ስለዚህ ሁሉም ከ30 ደቂቃ በፊት መጥቶ ሰክቶ ይሞክር። ምስል እምቢ ካለ ጥራቱን 1920 በ1080 አድርገው። ጥቁር ጀርባ ያለው ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ብርሃን ባለበት ክፍል አይነበብም፤ ነጭ ጀርባ፣ የፊደሉ መጠን ቢያንስ 24።

ኤክስቴንሽኑን በጠረጴዛዎቹ ጠርዝ አዙረው፣ መተላለፊያ ላይ ከዋለ ወለሉ ላይ በቴፕ አጣብቀው። ፓወር ባንክ አመጣለሁ የሚል ይኖራል፤ የሚስበው ኤሌክትሪክ ትንሽ የሆነ ሴንሰር ሲሰካበት ግን ብዙው ፓወር ባንክ ሥራ የለም ብሎ ራሱን ያጠፋል። ራስፕቤሪ ፓይ የሚባሉት ትንንሽ ኮምፒውተሮችም አሉ፦ ፓይ 4 ባለ 5 ቮልት 3 አምፔር፣ ፓይ 5 ደግሞ ባለ 5 ቮልት 5 አምፔር ቻርጀር ይፈልጋሉ። ሰርቮ ሞተር (በተፈለገው ማዕዘን የሚዞር ትንሽ ሞተር) ያለው ሰው ለሞተሩ የተለየ ኃይል ያምጣ፣ ከኃይል ገመዶቹ ግራውንዱን (ኔጋቲቩን) ብቻ ከቦርዱ ጋር ያገናኝ፤ የሞተሩ የትእዛዝ ገመድ እንደተለመደው ቦርዱ ላይ ይሰካል። ከቦርዱ ከሳበ ሞተሩ ሲነሳ ቮልቴጁ ይወርድና ቦርዱ እንደገና ይነሳል፤ ተመልካቹ ፕሮግራሙ የተበላሸ ይመስለዋል። ያበጠ ሊቲየም ባትሪ ይዞ የመጣውን አታስገቡት፣ ይኼ ድርድር የለውም።

ባለሰዓት
አንድ ልጨምር። 90 ሰከንድ የሚሆን ቪዲዮ ሁሉም ቀርጾ በፍላሽ ይያዝ። ማሳያው በ1 ደቂቃ ውስጥ ካልተነሳ ቪዲዮው ይከፈት፣ ዕቃው ኋላ ጠረጴዛ ላይ ይጠገናል፤ ብዙ ጊዜም ከተመልካቹ አንዱ ያስነሳዋል።