ክርክር፦ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ሆስፒታል የገባ ሰው ከመለቀቁ በፊት በፈቃድ ይውጣ?

አስተባባሪ፦ የሳምንቱ ጥያቄ። ሰው ገድሎ ወይም አቁስሎ፣ በአእምሮ ሕመሙ ምክንያት በወንጀል አይጠየቅም ተብሎ ሆስፒታል የገባ የባሕር ዳር ሰው፣ ጨርሶ ከመለቀቁ በፊት በክትትል ለጥቂት ቀን ወደ አገሩ ይምጣ ወይስ አይምጣ? የየራሳችሁን ገጠመኝ ተዉትና አሠራሩን ተከራከሩበት።

ሽምብጥ፦ አይምጣ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 48 ኃላፊነቱን አነሳለት እንጂ አደገኛነቱን አላነሳለትም። ለአደገኛ ሰው ሕጉ የሚያዘው ተቋም ገብቶ መቆየት ነው። ጊዜው አይገደብም፣ ፍርድ ቤቱ በየሁለት ዓመቱ ያየዋል። መሀል ላይ ስላለው የሁለትና የሦስት ቀን ፈቃድ በዝርዝር የሚናገር አንቀጽ የለም። አንድ ነገር ቢፈጠር ማን ሊጠየቅ ነው? የፈረመው ሐኪም? አጅቦ የመጣው ፖሊስ?

ጊዮን፦ ጥያቄህ ልክ ነው፤ ግን መልሱ መከልከል አይደለም። ፈቃድ ከሌለ ሰውየው ከተዘጋ ክፍል ወጥቶ በአንድ ጀንበር መናኸሪያ ይወርዳል። እንግሊዞች በደረጃ ነው የሚሄዱት፦ መጀመሪያ ግቢ ውስጥ ከአጃቢ ጋር፣ ቀጥሎ ከግቢ ውጭ ከአጃቢ ጋር፣ ከዚያ ያለ አጃቢ ለሰዓታት፣ በመጨረሻ አዳር። በ1983 እ.ኤ.አ. ሕጋቸው ልዩ ገደብ የተጣለበትን ታካሚ ሐኪሙ ብቻውን አያስወጣውም፤ የፍትሕ ሚኒስትሩ ይሁንታ ያስፈልጋል። እኛ ጋ የጎደለው ይህ ሁለተኛ ፊርማ ነው።

ዓባይ ማዶ፦ እንግሊዝን ተዉትና ንገሩን፤ የወጣ ሰው ተመልሶ ያጠፋል አያጠፋም?

ጊዮን፦ የብዙ አገር ጥናቶች ተደምረው በ2016 እ.ኤ.አ. ሲሰሉ፣ ከእንዲህ ዓይነት ሆስፒታል ከወጡ 100 ሰዎች በዓመት እንደገና ጥፋት የሚገኝባቸው ወደ 4 ተኩል ናቸው። ሆስፒታል የሚመለሱት ደግሞ 7 ገደማ። ካናዳ ውስጥ እንደገና ያጠፉት በሦስት ዓመት 17 ከመቶ ሆኑ፤ ከእስር ቤት ከሚለቀቁት በእጅጉ ያነሰ።

ሽምብጥ፦ ቁጥሩ የተቆጠረው ግን መድኃኒት የቀረ ቀን ስልክ የሚደወልበት አገር ነው። ወደዚህ አምጥተህ አትለጥፈው።

የጣና ነርስ፦ ሽምብጥ እዚህ ላይ እውነት አለህ። ግን ሁላችሁም የዘለላችሁት ነገር አለ፤ አጭር ፈቃድ ምን ይፈትናል?

ወርሃዊ መርፌ የሚወስድ ሰው፣ ፍሉፌናዚን ይሁን ሃሎፔሪዶል፣ ቀጠሮ ቢያልፈው በማግስቱ አይታመምም። መድኃኒቱ ዘይት ውስጥ ስለሆነ ከጡንቻ የሚወጣው ቀስ እያለ ነው፤ አንዳንዱ ሁለትና ሦስት ወር ሳይወጋ ሰላም ሆኖ ይቆያል። በዚህ መሀል ቤተሰቡ «ድኗል፣ ጠበሉ ፈውሶታል» ብሎ ይደመድማል። ሕመሙ ሲመለስ ከቀረው መርፌ ጋር የሚያያይዘው ሰው አይገኝም። ስለዚህ የሦስት ቀን ፈቃድ በሰላም አለፈ ማለት ስለ መድኃኒቱ ምንም አይነግረንም። የሚነግረን ስለ እንቅልፉ፣ ስለ ጫቱና ስለ ጨብሲው፣ ከቤተሰቡ ጋር ስለ መስማማቱ ነው። ሁለት ሌሊት ካልተኛ ወይም የእናቱን እንጀራ መርዝ አለበት ብሎ ከገፋ፣ ፈቃዱ በዚያው ቀን ያልቃል። ከጥፋቱ በፊት የታዩበት ምልክቶች ምን ምን እንደነበሩ ተጽፈው በቤተሰቡ እጅ መሆን አለባቸው። በየሰው ይለያያሉ፤ ለሁሉም የሚሆን ዝርዝር አይሠራም።

ጠበል አትከልክሉት፣ አይሰማችሁምም። መርፌ ጾም አያስፈታም፤ ከጠበል ጋር የሚጋጨው ጠዋት የሚዋጥ ክኒን ነው። ሰውን ከመርፌ የሚያሸሸው ጣጣ ደግሞ ሌላ ነው፤ የሰውነት መገተር፣ አንድ ቦታ መቀመጥ አለመቻል። ቀጠሮ ላይ ይህን የሚጠይቅ ከሌለ በሦስተኛው ወር አይመጣም።

ዘጌ፦ ሁላችሁም ታካሚው ምን ያደርጋል ትላላችሁ፤ ምን ይደረግበታል ያለ የለም። ለሟች ወገን «አሞት ነው» ማለት ደሙን አያደርቀውም። ሽማግሌ ሳይላክ፣ ካሳ ሳይቆረጥ፣ እርቅ ሳይወርድ ሰውየው ቅዳሜ ገበያ ከታየ፣ አጃቢው የሚጠብቀው ከማን ነው? ከቀኑ በፊት የሟች ወገን የት ይገበያያል፣ የትኛው ደብር ይሳለማል፣ በየትኛው ጀልባ ይሻገራል ተብሎ ይጠና። እርቁ ካልወረደ ማረፊያው የአባቱ ቤት መሆኑ ይቅር፤ ሌላ ዘመድ ጋ ይረፍ።

ዓባይ ማዶ፦ እርቁ የሚወርደው እሱ ቆሞ ይቅርታ ሲጠይቅ ነው እኮ። ሳይመጣ እንዴት ይታረቃል?

ዘጌ፦ መጀመሪያ ቤተሰቡ ይጀምረዋል፣ እሱ በመጨረሻው ቀን ይቀርባል። ፈቃዱም ለዚያ ቀን ይሰጥ፤ ከዚህ የተሻለ ምክንያት ከየት ይመጣል?

ሽምብጥ፦ በዚህስ እስማማለሁ። ግን አዲስ አበባ ካለው የአማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ተነስቶ 560 ኪሎ ሜትር ገደማ በአውቶቡስ የሚመጣበትን አልቀበልም። በመንገድ ቢብስበት ወዴት ይወሰዳል? መጀመሪያ እዚሁ ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል አልጋ ይያዝለት፣ ከዚያ ለሰዓታት ይውጣ። ትእዛዙም በፍርድ ቤት ይጻፍ፦ የት እንደሚያድር፣ ማን እንደሚረከበው፣ በስንት ሰዓት እንደሚመለስ፣ ካልተመለሰ ለማን እንደሚደወል።

የጣና ነርስ፦ የሚቀጥለው መርፌ ቀንም ይጨመርበት፣ የሚወጋው ጤና ጣቢያም።

ዓባይ ማዶ፦ አልጋውስ እሺ፤ በሩን የሚጠብቀው ማን ነው? ይህ ጥያቄ ሳይመለስልኝ አይምጣ ከሚሉት ጋር ነኝ።